የተሰፋ፣ የተሠራ፣ መሬት ላይ የተሳለ ጸሎት

(ይህ ጽሑፍ ኒውዮርክ፣ ሃርለም የሚገኘውን የጥቁሮች ታሪክ ቤተ መጻሕፍት፣ የሾምበርግ ማዕከልን፣ አብረን ከመጎብኘታችን በፊት ለተሰባሰቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬበታለሁ፤ የደጋገምኩትን ቀንሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አደራችሁ። በዚህ ብርድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በማለዳ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለች ትንሽ ጋለሪ ከአንዲት እናት ጋር ቆሜ ነበር። ዐውደ ርእዩ በባርነት ተግዘው በአሜሪካና በካሪቢያን ስለተበተኑ አፍሪካውያን ጥበብና መንፈሳዊ ሕይወት ነው። መስታወቱ ውስጥ ከሄይቲ የመጣ ሰንደቅ ተሰቅሏል። እናትየዋ ቀረብ አሉ። ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አማተቡና «በስመ አብ! ልጄ፣ ይሄ ጥንቆላ አይደል እንዴ?» አሉኝ።

ያኔ ጥሩ መልስ አልሰጠኋቸውም። «ባህላቸው ነው እማማ» ብዬ አለፍኩ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ባህል ነው ማለት እዚህ ቦታ ላይ ማምለጫ ነው። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ እምነት ነበር፣ እኔ ስለ ጌጣጌጥ መለስኩላቸው። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ቀን ልላቸው ይገባኝ የነበረውን ነው።

እስቲ ሰንደቁን ቀረብ ብለን እንየው። ትልቅ አይደለም፤ ሁለት እጅ ዘርግታችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። ላዩ በሺዎች በሚቆጠሩ የሚያብረቀርቁ ክብ ፈርጦች ተሸፍኗል። እያንዳንዷን ፈርጥ አንዲት ትንሽ ዶቃ ይዛታለች። መርፌው ከጨርቁ ሥር ይወጣል፣ በፈርጧ ቀዳዳ ያልፋል፣ ዶቃዋን ይወስዳል፣ ዞሮ በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ይሄ ሁሉ ለአንዲት ፈርጥ ነው። ጥልፍ የምታውቁ እናቶች ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ ከእኔ የበለጠ ትገምታላችሁ።

መሐሉ ላይ ልጅ የታቀፈች ጥቁር ሴት አለች። ጉንጯ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ። ኤዚሊ ዳንቶ ትባላለች። በሄይቲ ቮዱ እምነት የእናቶች ጠባቂ ናት። መልኳ ግን የመጣው ከፖላንድ ነው። ቸስቶሆቫ በምትባል ከተማ ፊቷ የጠቆረ፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት የእመቤታችን ሥዕል አለች። በ1802 ናፖሊዮን ለነጻነታቸው የተነሱትን የሄይቲ ሰዎች እንዲወጉለት ከላካቸው ወታደሮች መካከል ፖላንዳውያን ነበሩ፤ ሥዕሏን ይዘዋት የመጡት እነሱ ናቸው ይባላል። ከነዚያ ወታደሮች አንዳንዶቹ ከድተው ከተነሳው ሕዝብ ጎን ቆመዋል። እና ያቺ ባለ ጠባሳ እናት እዚያ ቀረች። በጅራፍ የተተለተለ ገላ ያለው ሕዝብ ባለ ጠባሳዋን እናት የራሱ ማድረጉ ምን ያስገርማል?

አብረውኝ የቆሙት እናት ቤታቸው ምስለ ፍቁር ወልዳ ሰቅለው ይሆናል። ብዙዎቻችን ሰቅለናል። ልጅ የታቀፈች እናት ፊት ቆሞ መለመን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ በደንብ ልረዳ እፈልጋለሁ። ሁሉም እምነት አንድ ነው እያልኩ አይደለም። እኔ የራሴ እምነት አለኝ፣ እናንተም አላችሁ፣ የቮዱ አማኞችም የራሳቸው አላቸው። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰው ጸሎት ፊት ስትቆሙ ከመፍረዳችሁ በፊት አንብቡት። ማንበብ ያልኩት ደግሞ እንዲያው ለማሳመር አይደለም። እነዚህ ዕቃዎች በእርግጥ ጽሑፍ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጣቸውም ለዚህ ነው ተገቢ የሚሆነው።

ለምን ጽሑፍ ሆኑ? ሌላው ጽሑፍ ስለተከለከለ። ደቡብ ካሮላይና በ1740 ባወጣችው ሕግ ባሪያን ጽሕፈት ማስተማር በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገች። ሌሎችም ተከተሉ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ናት ተርነር የመራው የባሪያዎች ዐመፅ ከተነሳበት ከ1831 በኋላ ክልከላው ይበልጥ ጠበቀ። እምነትም እንዲሁ። በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ ለቅኝ ግዛቶቹ ያወጣው ሕግ ባሪያዎች ሁሉ በካቶሊክ ሥርዓት እንዲጠመቁ ያዛል፤ ከዚያ ውጪ ያለ አምልኮ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ብራና የለም፣ ቀለም የለም፣ መቅደስ የለም። የቀረው ጨርቅ፣ እንጨት፣ ሸክላና መሬት ነው። እነሱም በዚያው ጻፉ።

ሄይቲ ውስጥ በቮዱ ሥርዓት ላይ ካህኑ ወይም ካህኒቷ የበቆሎ ዱቄት በጣታቸው ቆንጥረው መሬት ላይ ሥዕል ያፈሳሉ። ቬቬ ይሉታል። እያንዳንዱ መንፈስ የራሱ ቬቬ አለው፤ የአንዱ ልብ ነው፣ የሌላው መርከብ፣ የሌላው ሁለት እባብ። በጣም ያምራል። ከዚያ ሰዎች በላዩ ላይ ይጨፍራሉ፣ ይጠፋል። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያዘንኩት ለሥዕሉ ነው። በኋላ ነው የገባኝ። ሥዕሉ እንዲቀመጥ አልተሳለም። የተሳለው እንዲጠራ ነው። ከጠራ ሥራውን ጨርሷል።

አሁን ወደምንሄድበት ቤት ልምጣ።

አርቱሮ ሾምበርግ በ1874 ፖርቶ ሪኮ ተወለደ። ልጅ ሳለ አንድ አስተማሪ ጥቁሮች ታሪክም፣ ጀግናም፣ የሚያኮራ ሥራም የላቸውም እንዳለው ይተረካል። ልጁ ይህችን ቃል ይዞ አደገ። ኒውዮርክ መጥቶ ባንክ ውስጥ በደብዳቤ ክፍል ተቀጠረ። ሀብታም አልነበረም። ከደሞዙ እየቆጠበ መጽሐፍ፣ በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ሕትመት ይለቅም ጀመር። በ1926 የካርኔጊ ድርጅት ስብስቡን በ10,000 ዶላር ገዝቶ ለኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሃርለም 135ኛ መንገድ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ ተቀመጠ። ከ1932 ጀምሮ በ1938 እስኪሞት ድረስ ራሱ ኃላፊ ሆኖ ጠበቀው። የደብዳቤ ክፍል ሠራተኛ! እያንዳንዳችን ቤት ከአገር ቤት የመጣች አንዲት ሻንጣ አለች፣ ውስጧ የአያት ፎቶ፣ የአባት ደብዳቤ፣ አሮጌ ዳዊት የታጨቀባት። ሾምበርግ ያደረገው ያችን ሻንጣ የሕዝብ ማድረግ ነው።

እዚያ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት እግራችሁ ሥር ነው፤ ስለዚህ ወደ ታች እዩ። ወለሉ ላይ ትልቅ ክብ ሥዕል ተነጥፏል። «ወንዞች» ይባላል። ሂዩስተን ኮንዊል፣ ገጣሚዋ እህቱ ኤስቴላ ኮንዊል ማዮዞና አርክቴክቱ ጆሴፍ ዴፔስ ናቸው የሠሩት። ሐሳቡ የተነሳው ከኮንጎ ነው። የኮንጎ ሰዎች ክብ ይሠሩና ውስጡ መስቀል ያሰምራሉ። አግድሙ መስመር ውኃ ነው፤ ከላይ እኛ በሕይወት ያለነው፣ ከታች የሞቱት። ፀሐይ ትወጣለች፣ እኩለ ቀን ትሆናለች፣ ትጠልቃለች፣ ከውኃው ሥር ለሙታን ታበራለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። የሰውም ነፍስ እንዲሁ ነው ይላሉ። አሁን ይህን እምነት ያለው ሰው መርከብ ላይ ሲጫን አስቡት። አትላንቲክን ሲሻገር የሚሻገረው የትኛውን ውኃ ይመስለዋል? እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ።

በደቡብ ካሮላይና ወንዞች ውስጥ ከባርነት ዘመን የቀሩ፣ መቀመጫቸው ላይ መስቀል የተጫረባቸው የሸክላ ሳህኖች ተገኝተዋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይሄው የኮንጎ ምልክት ነው ይላሉ። ሳህን ሲገለበጥ ብቻ የሚታይ ጽሑፍ።

ከሃርለሙ ክብ ሥር ደግሞ የገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ አመድ ተቀብሯል። ሂዩዝ ያረፈው በ1967 ነው፤ አመዱ እዚህ የገባው በ1991። በምረቃው ዕለት ጸሐፊዎቹ ማያ አንጀሉና አሚሪ ባራካ በላዩ ላይ ሲጨፍሩ የሚያሳየውን ፎቶ ቼስተር ሂጊንስ አንስቶታል፤ ሂጊንስ አገራችንንም ለብዙ ዓመታት ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። «መቃብር ላይ ይጨፈራል ወይ?» ብሎ አንድ ወጣት ጠይቆኝ ነበር። ከላይ የነገርኳችሁን ቬቬ አስታውሱ። እዚያም ጭፈራው ጥሪ ነው።

ስለ ጨርቅ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ይሄኛው ሃርለም ሳይሆን ዋሽንግተን ነው ያለው፣ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ሃሪየት ፓወርስ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ነጻ ከወጣች በኋላ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ የአልጋ ልብስ ሰፋች። አሥራ አንድ ክፍል አለው። አዳምና ሔዋን በገነት፣ ቃየን አቤልን ሲገድል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የጌታ ጥምቀት፣ ይሁዳ ከሠላሳው ብር ጋር፣ ስቅለት። በ1886 አቴንስ በምትባል የጆርጂያ ከተማ በተደረገ የጥጥ ትርኢት ላይ ታየ። አንዲት ነጭ የሥዕል አስተማሪ ጨርቁን ልግዛው አለቻት። ሃሪየት አልሸጠውም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር መጣ። 10 ዶላር ጠየቀች። ገዢዋ 5 ብቻ ነው ያለኝ አለች። ባሏ ሽጪው አላት፣ ሸጠች። ከመሄዷ በፊት ግን እያንዳንዱን ክፍል እያሳየች ትርጉሙን አስረዳች፤ ሴትየዋም ጻፈችው። ስለዚህ ነው ዛሬ የምናውቀው። ከዚያ በኋላ ሃሪየት ጨርቋን ልታይ ብቻ እየተመላለሰች ትጎበኘው ነበር።

ምስሎቹ ከሌላ ጨርቅ ተቆርጠው የተለጠፉና የተሰፉ ናቸው። የዛሬው ቤኒን፣ የጥንቱ ዳሆሜ፣ የንጉሥ ባለሙያዎች የሚሠሩትን ያስታውሳል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ግን ከዚያም ሌላ ነገር እናይበታለን። ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ወንጌልን ክፍል በክፍል እያየን አይደል ያደግነው? ሃሪየት ግድግዳ አልነበራትም፣ አልጋ ልብስ ነበራት።

ዋሽንግተን ውስጥ ጄምስ ሃምፕተን የሚባል ሰውም ነበር። የመንግሥት ሕንፃዎች የሌሊት ፅዳት ሠራተኛ። ከመካከላችን ስንቱ ነው ዋሽንግተን ውስጥ ይሄን ሥራ የሠራው? ሃምፕተን በ1950 ገደማ አንድ ጋራዥ ተከራየ። ሌሊት ሥራውን ሲጨርስ እዚያ ይገባ ነበር። አሮጌ ወንበር፣ ካርቶን፣ የተቃጠለ አምፖል፣ የማርማላታ ብርጭቆ እየሰበሰበ በወርቅማና በብርማ ወረቀት ይሸፍናል። በ1964 ሲሞት ጋራዡ ሲከፈት ወደ 180 የሚሆኑ ዕቃዎች ተገኙ፤ መሐሉ ላይ ዙፋን፣ ከዙፋኑ በላይ «አትፍራ» የሚል ጽሑፍ። የጌታን ዳግም ምጽአት ነው የሚያዘጋጅለት። ዛሬ በስሚዝሶንያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያል።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ደብተሩ ነው። ሃምፕተን ራሱ በፈጠረው ፊደል የሞላው ማስታወሻ ደብተር ትቷል። እስካሁን ያነበበው የለም። እዚህ ጋ ኢትዮጵያዊ ዓይን ይጠቅማል። የእኛ ደብተራዎች ለታመመ ሰው ክታብ ሲጽፉ ብራናውን በሰውየው ቁመት ልክ ይቀጥሉታል፣ ከጸሎቱ መካከል ትልልቅ ዓይን ያለው ጠልሰም ይስሉበታል፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያነበውም፣ ይይዘዋል፣ ያየዋል፣ ራስጌው ይሰቅለዋል። ጽሑፉ ለሚያነብ ብቻ አይደለም የተጻፈው። ለሚጠበቅለት ሰው ነው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የእነዚህ ጥቅሎች ትልቅ ስብስብ አለው። አንድ አሜሪካዊ ያንን ጥቅል አይቶ «ጥንቆላ» ቢል ምን ይሰማናል? እናንተም ስለ ክታብ የተለያየ አቋም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም ብዙ የተናገረችበት ነው። ግን አያትህን ጠንቋይ ነበሩ ብሎ የማያውቅህ ሰው ሲናገር መስማት ሌላ ነው።

ይሄ ቃል ቀላል ቃል አይደለም። ብራዚል ውስጥ በ1890 የወጣው የወንጀል ሕግ አስማትና መናፍስት መጥራትን ከለከለ። ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ፖሊስ ከአፍሪካ ሥር ያላቸውን የካንዶምብሌና የኡምባንዳ እምነቶች አማኞች ቤት እየሰበረ ከበሮአቸውን፣ ልብሳቸውን፣ የመሠዊያ ዕቃቸውን ወሰደ። ዕቃው በፖሊስ እጅ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ስብስቡ በ1938 በቅርስነት ሲመዘገብ የተሰጠው ስም «የጥቁር አስማት ሙዚየም» ነበር። የአማኞቹ መንፈሳዊ እናቶች ለዓመታት ታገሉ። በ2020፣ 519 ዕቃዎች ከፖሊስ ወጥተው ወደ ሪፐብሊክ ሙዚየም ተዛወሩ። አማኞቹ ለስብስቡ ያወጡለት ስም «የእኛ ቅዱስ» የሚል ነው። ዕቃው ያው ነው። የተለወጠው ከሥሩ የተጻፈው ካርድ ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም አያዩአቸውም። ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎቻችን ደግሞ በመቶዎች ሆነው ብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ ጋለሪ የሰው ቅዱስ ዕቃ ሲያሳይ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ባለቤቶቹ ተጠይቀዋል? እንዴት ነው የመጣው? ያ የሄይቲው ሰንደቅ የተሠራው ለሽያጭም ጭምር ነው፤ ባለሙያው በስሙ ፈርሞበታል፤ ይታይ። የተነጠቀ የመሠዊያ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው። መስታወት ውስጥ የገባ ሁሉ በፈቃድ አልገባም።

ሃርለም ውስጥ ስማችንን በብዙ ቦታ ታገኙታላችሁ። ከሾምበርግ ማዕከል ትንሽ ወደ ላይ፣ 138ኛ መንገድ ላይ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1808 የተመሠረተችው በነጮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለብቻ ተለይተን አንቀመጥም ባሉ ምእመናን ነው፤ ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ ይላል የቤተ ክርስቲያኗ ታሪክ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው የዳዊት ቃል በባርነት ለነበሩት ስለ አንድ አገር ብቻ የተነገረ አልነበረም። ስለ እነሱ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ቀራፂ ሜታ ዋሪክ ፉለር በ1921 አካባቢ «የኢትዮጵያ መንቃት» የሚል ሐውልት ሠራች፤ አንዱ የሾምበርግ ማዕከል ንብረት ነው። ሴትዮዋ ከወገቧ በታች እንደ ተገነዘ ሰው በጨርቅ ተጠቅልላለች። ከወገቧ በላይ ነቅታለች። ካያችኋት እጇን እዩት፣ ደረቷ ላይ ነው። ፉለር አገራችንን አይታ አይደለም የሠራችው። ስለምትመኘው ነጻነት ሠራች፣ ስማችንን ሰጠችው። ይህ እኔን ያኮራኛል፤ ኃላፊነትም ይሰማኛል፤ ምክንያቱም እነሱ በስማችን ሲጸልዩ እኛ እነሱን ጠንቋይ ካልን ነውር ነው።

ሾምበርግ ማዕከል ውስጥ የሠዓሊው የአሮን ዳግላስንም ትልልቅ ሥዕሎች ፈልጉ። በ1934 ለዚያው ለ135ኛው መንገድ ቤተ መጻሕፍት የተሠሩ አራት ሥዕሎች ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ጨፋሪዎች መካከል፣ በብርሃን ክብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቅርጽ ቆማለች። ያቺ የአምልኮ ምስል ናት። ከሷ ጀምሮ ባርነቱን፣ ነጻነቱን፣ ስደቱን ይተርካል። አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ቀና ሲል እንዲያየው የተሰቀለ ታሪክ ነው።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንን ደግሞ ከእኛ ወገን አስታውሱልኝ። በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ፓሪስ ሳለ የኩባዊውን ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላምን ሥራ አገኘ። የላም ክርስትና እናት ከአፍሪካ ሥር ያለው የኩባ እምነት፣ የሳንቴሪያ፣ ካህን ነበረች፤ ሥዕሎቹ ውስጥ ያ እምነት አለ። እስክንድር ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ ተመልሶ የክታቡን ዓይን፣ ጠልሰሙን፣ ብራናውን ያዘ። ከ1972 ጀምሮ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያስተምር ክፍሉ ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ልጆችና የእኛ ልጆች አብረው ተቀመጡ። እኔ የሁለቱ ወገን ጸሎት በደንብ የተገናኘው እዚያ ክፍል ውስጥ ይመስለኛል።

ንግግሩ ሲያልቅ አንዲት ወጣት እናት እጇን አነሳች። «ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ይሄ ምንድን ነው ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አለችኝ። ጸሎት ነው በያት አልኳት። የማን? ትልሻለች። ያኔ ካርዱን አብራችሁ አንብቡ። ስም ከተጻፈበት ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ካልተጻፈበት፣ በመርፌው የሠሩትን እጆች አሳያት፤ ፈርጧን፣ ዶቃዋን፣ ክሩ የገባበትን ቀዳዳ።

ከዚያ ካፖርታችንን ለብሰን ወጣን።